ስልሳ አራት ገጽ ለሰባት ቦቴ

የእኔን ሥራ ለእናቴ ማስረዳት ከሥራው ይከብዳል። በደወልኩላት ቁጥር «ለመሆኑ እዚያ ሰው አገር ምንድን ነው የምትሠራው?» ትለኛለች።

«ድርጅቶች ሶፍትዌር ሲያሠሩ ምን እንዲሠራላቸው እንደሚፈልጉ እጠይቃለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ የነገሩኝን እጽፋለሁ።»

ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ ታደርግና፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ይመስለኛል፣ «ራሳቸው አይጽፉትም?» ትላለች።

አይጽፉትም። ቢጽፉትማ እኔ ምን እበላ ነበር! ሰው የሚፈልገውን ያውቃል የሚሉት ነገር ውሸት ነው። ሰው አጥርቶ የሚያውቀው የማይፈልገውን ነው፤ እሱንም ቢሆን ሠርታችሁ ካመጣችሁለት በኋላ።

ሀርጌሳ ያመጣኝ አብዲ ነው። አብዲ የዚሁ ከተማ ልጅ ሲሆን ኢትዮጵያ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ አብረን ተምረናል። አራት ዓመት ሙሉ እሱ ከላይ አልጋ፣ እኔ ከታች አልጋ ሆነን አንኮራፍተናል። ተመርቆ አገሩ ሲመለስ ከአንድ የጎማ መሸጫ በላይ ሁለት ክፍል ተከራይቶ የሶፍትዌር ድርጅት ከፈተና «ና» አለኝ። መጣሁ። ድርጅቱ ማለት አብዲ፣ ሁለት ፕሮግራመሮች፣ እኔና ከታች የሚወጣው የጎማ ሽታ ነበርን።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው ሐጂ ዩሱፍ የመጡት።

ሐጂ ሰባት የውሃ ቦቴ አላቸው። እዚህ ከተማ ቧንቧ ያልደረሰበት፣ ደርሶም ውሃ ደስ ሲለው ብቻ የሚመጣበት ቤት ብዙ ነው። ሰው ግቢው ውስጥ ከመሬት ሥር ቢርካ የሚሉትን የሲሚንቶ ማጠራቀሚያ ይሠራል፤ ሲያልቅበት ለቦቴ ይደውላል፤ ቦቴው መጥቶ ይሞላለታል። ሐጂ ያደጉት ድሬዳዋ ነው። አማርኛቸው የዚያው የድሬ ነው፤ «አንቱ» የሚባል ነገር ከነአካቴው አያውቅም። ሽማግሌውንም ሕፃኑንም «አንተ» ነው። እኔ «እርስዎ» ስላቸው ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ መስሏቸው ዞር ይሉ ነበር።

«ሶፍትዌር እፈልጋለሁ» አሉኝ በመጀመሪያው ቀን።

«ምን የሚሠራ?»

«አቦ! የሚሠራ ነዋ! የማይሠራ ማን ይፈልጋል?»

ደብተሬ ላይ «ሶፍትዌሩ መሥራት አለበት» ብዬ ጻፍኩ።

«ሌላስ፣ ሐጂ?»

«ቆንጆ ይሁን። ፈጣን ይሁን። ሰባቱም ቦቴዎቼ ስክሪኑ ላይ እንደ ጉንዳን ሲሄዱ ልያቸው።»

«ሠራተኞቹስ ምን ይፈልጋሉ?»

«እኔ የምፈልገውን!»

ስንወጣ አብዲ ክንዴን ያዘኝ። «ስማ፣ የዚህን ከተማ ነጋዴ ግማሹን ሐጂ ያውቁታል፣ ግማሹ ደግሞ ዘመዳቸው ነው። ይህ ከተሳካ ደጃችን ላይ ሰልፍ ነው። ካልተሳካ ቢሮውን እዘጋለሁ፣ አንተን ወደ እናትህ እሸኝሃለሁ።» ወደ እናቴ መመለሱ ራሱ አልከፋኝም። ግን ሠፈሩ ሁሉ «ምን ሲሠራ ቆይቶ መጣ?» ሲላት ምን ብላ ትመልስ?

ስለዚህ በቆራጥነት ተነሳሁ። ሐጂን ጠየቅኩ። ሁለቱን ወንድሞቻቸውን ጠየቅኩ። በመጨረሻም፣ ለወጉ ያህል፣ እትዬ ጥሩነሽን ልጠይቅ ሄድኩ።

እትዬ ጥሩነሽ የደሴ ሰው ናቸው። ከበሩ አጠገብ ባለች አንዲት መስኮት ባላት ጠባብ ክፍል ሦስት ስልክ ፊታቸው ደርድረው ይቀመጣሉ። ሀርጌሳ የመጡት ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ መጀመሪያ ጋአን ሊባህ የሚባል ሠፈር ሰው ቤት ተቀጥረው ሠርተዋል። ሶማልኛውን እዚያ ከቤቱ እመቤት ጋር እየተጨቃጨቁ ተማሩት። ስልክ ላይ ሲያወሩ የሚሰማቸው የከተማዋ ተወላጅ ናቸው ብሎ ይምላል። እንደ ሴቱ ሁሉ ሻሽ ይከናነባሉ፤ ከሻሹ ሥር ማተባቸው አለች።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና፣ ሥልጠና ላይ እንደተማርኩት ፈገግ ብዬ፣ «እትዬ ጥሩነሽ፣ ሐጂ ይህን የስልክ ሥራ የሚተካ ሶፍትዌር እያሠሩ ነው። እስቲ ሥራዎን ይንገሩኝ» አልኳቸው።

አዩኝ። «ስልክ አነሳለሁ» አሉ።

«ከዚያስ?»

«አስቀምጣለሁ።»

«የደንበኛው ቤት የት እንደሆነ እንዴት ያውቃሉ?»

«ይነግሩኛላ።»

«የትኛው ቦቴ መጀመሪያ የት ይሂድ የሚለውን በምን ይወስናሉ?»

«አላውቅም።»

ከዚያ በኋላ የጠየቅኳቸውን ሁሉ «አላውቅም» አሉኝ። እኔም አመስግኜ ወጣሁና «የስልክ ሠራተኛዋ፦ ስልክ ታነሳለች» ብዬ ጻፍኩ። በጥፊ መመታት የሚገባኝ ያኔ ነበር፤ ግን በሚያስፈልግበት ሰዓት የሚመታ አይገኝም።

ሰነዱ ስልሳ አራት ገጽ ወጣው። ውበቱን አትጠይቁኝ! ማውጫ አለው፣ ሣጥን አለው፣ ከሣጥን ወደ ሣጥን የሚሄድ ቀስት አለው፣ ቀስቱ ራሱ ሦስት ዓይነት ቀለም አለው። አብዲ ገጽ አርባ ላይ ያለውን ሥዕል ፎቶ አንስቶ ለሚስቱ ላከላት። ፕሮግራመሮቹ በዚያው መሠረት ሁለት ወር ሠሩ። የሙከራው ቀን ደረሰ።

ሰኞ ጠዋት ነው። ሐጂ ለእትዬ ጥሩነሽ የአንድ ቀን እረፍት ሰጧቸው። እኔ ወንበራቸው ላይ ተቀመጥኩ፤ ሶማልኛዬ ከሰላምታ ስለማያልፍ አብዲ ስልኩን ሊያነሳ፣ እኔ ኮምፒዩተሩ ላይ ያለውን ፎርም ልሞላ። የመጀመሪያዋ ደንበኛ ደወለች።

«የቤት ቁጥሯን ጠይቃት» አልኩት። ፎርሙ ላይ የቤት ቁጥር በቀይ ኮከብ ምልክት የተደረገበት ነው። እሱ ካልተሞላ ሶፍትዌሩ ወደፊት አይሄድም። እኔው ነኝ በጥብቅ ያዘዝኩት።

አብዲ ጠየቀ፤ አዳመጠ፤ ዞር አለ። «"የቤት ቁጥር ምንድን ነው?" አለች።»

«እሺ፣ አድራሻዋን ጠይቃት።»

«ድሮ ዳቦ ቤት ከነበረበት በስተግራ፣ ከተቆረጠው ዛፍ ቀጥሎ፣ ሰማያዊ በር።»

«ዳቦ ቤቱ አሁን የለም?»

«የለም።»

«ዛፉስ?»

«ተቆረጠ እያለችህ!»

በሁለት የሌሉ ነገሮች መካከል የሚገኝ አንድ ሰማያዊ በር። ምን ላድርግ? የቤት ቁጥር በሚለው ቦታ «1» ብዬ ጻፍኩ። ሁለተኛው ደንበኛ ሲደውል «2» አልኩት። እንዲህ እያልኩ ረፋዱ ላይ የሀርጌሳን ቤቶች በአደዋወላቸው ቅደም ተከተል ቁጥር ሰጠኋቸው። የሚደውለው ሁሉ ደግሞ የአብዲን ድምፅ ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ጥሩ የለችም?» እትዬ ጥሩነሽን ማለቱ ነው።

ከዚያ ነገሩ መጣ። ሁለት ቦቴዎች አንድ ቤት ደጃፍ ላይ ግንባር ለግንባር ተገናኙ። አንዱ መሐመድ ሞጌ በሚባለው ሠፈር ጠባብ መንገድ ገብቶ ከግንብና ከግንብ መካከል ተሰነቀረ፤ ሾፌሩ በር መክፈት ስላልቻለ በመስኮት ወጣ። ሌላው ለቅሶ ቤት ደጃፍ ቆሞ ጥሩምባውን ሲያንባርቅ ለቀስተኛው ሁሉ ወጣበት። ዋናዋ፣ የሰማያዊ በሯ ሴትዮ፣ ሦስተኛ ጊዜ ደወለች።

«ይህቺን እንኳ እኔው ራሴ ሄጄ አደርሳለሁ!» አልኩና ተነሳሁ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ!

ጃማ የሚባለው ሾፌር ጎን ተሳፈርኩ። ጃማ ሽበታም፣ ረጅም፣ ዕድሜውን መሪ ላይ የጨረሰ ሰው ነው። የሚያውቃት አማርኛ ጠረፍ ላይ የለቀማት ናት፦ «እሺ»፣ «ጠብቅ»፣ «ችግር የለም»። የእኔም ሶማልኛ «ሃየ» ነው፤ እሺ ማለት ነው። ሁለት እሺ ባዮች አንድ ቦቴ ሙሉ ውሃ ይዘን ሄድን።

የሌለውን ዳቦ ቤት ጠይቀን አገኘነው። የሌለውንም ዛፍ አገኘነው። ቀጥሎ ሰማያዊ በር። ገርበብ ብሏል። ገባን፤ ሰው የለም። ግቢው ጥግ ላይ በቆርቆሮ የተከደነ ጉድጓድ አለ። ቆርቆሮውን አነሳሁ፤ ጥልቅ ነው። «ይኸው!» አልኩ።

ጃማ ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ። በሶማልኛ ረጅም ነገር ተናገረ።

«ሃየ፣ ሃየ» አልኩት።

እንደገና ተናገረ። ጉድጓዱን አሳየኝ፣ ቀጥሎ በሁለት ጣቱ አፍንጫውን ያዘ። አቧራው ያስቸገረው መሰለኝ። «ችግር የለም!» አልኩት በራሱ አማርኛ። ትከሻውን ሰበቀ፣ ቱቦውን ዘረጋ፣ ከፈተው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ፤ እኔ ጠርዙ ላይ ቆሜ ድምፁ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ውሃው አጋማሽ ላይ ሲደርስ ሦስት ሰዎች አካፋና ዶማ ተሸክመው ገቡ። ምሳ በልተው መመለሳቸው ነው። ከፊት የነበሩት ጋሼ ሞላ ይባላሉ፣ የጎጃም ሰው፣ በኋላ በደንብ ተዋወቅን። ጉድጓዱን አዩ። እኔን አዩ። አካፋቸውን ቀስ ብለው ከግድግዳው ጋር አስደገፉት።

«ወንድሜ፣ ሐበሻ ነህ?»

«ነኝ።»

«እንግዲያው በአገርህ ቋንቋ ልጠይቅህ። ዋና ልታስተምረን ነው?»

«ቢርካ አይደለም እንዴ?»

«ሽንት ቤት ነው» አሉኝ። «አሥራ አንድ ቀን የቆፈርነው ሽንት ቤት።»

ይህን ብለው አፋቸውን ሳይገጥሙ የጉድጓዱ አንድ ጎን ዱብ አለ። መሰላላቸውን ይዞ ገባ። ጃማ ቱቦውን ዘጋና ወደ እኔ ዞሮ አፍንጫውን እንደገና ያዘ። አሁን ገባኝ። እውነተኛዋ ሰማያዊ በር ሦስት ቤት አልፎ ነበረች፤ ሴትዮዋ ባዶ ጀሪካን ይዛ ደጃፏ ላይ ቆማ ሁሉን ነገር ታያለች።

ሐጂ ቢሮ ስንገባ አብዲ ጫማውን ማየት ጀመረ። ሐጂ አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

«እኔ እስከ ዛሬ» አሉ፣ «ሰው አጥግቤአለሁ፣ ግመል አጥግቤአለሁ፣ መስጊድ አጥግቤአለሁ። ሽንት ቤት ግን ውሃ አጠጥቼ አላውቅም። ሶፍትዌርህ አጠጣ።»

«ሐጂ፣ ስሕተቱ...»

«ዝም በል። አሥራ አምስት ቀን እሰጣችኋለሁ። ያኔ ካልሠራ ውላችሁን ቀድጄ እጥለዋለሁ። አንተ ግን መጀመሪያ ሄደህ ጉድጓዱን ትቀዳለህ። ያበላሸኸው አንተ፣ የምታስተካክለው አንተ።»

እና ቀዳሁ። ሲስተም አናሊስት ተብሎ የተቀጠረው ሰውዬ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ባልዲ ይዞ፣ ከሦስት የጉልበት ሠራተኞች ጋር ሁለት ቀን ሙሉ ጭቃ ቀዳ። ጋሼ ሞላ አልተቆጡኝም፤ በየባልዲው መሃል ብቻ «ለመሆኑ ስንት ዓመት ነው የተማርከው?» ይሉኛል።

በሁለተኛው ቀን እንዲህ አሉኝ፦ «እኔን የሚገርመኝ ጥሩነሽ ይህን እንዴት ዝም አለች? እዚህ ሠፈር የቱ ግቢ ውስጥ ምን ጉድጓድ እንዳለ ከቆፈርነው ከእኛ በላይ እሷ ታውቃለች። ለግንባታ ውሃ ስናዝ እያንዳንዱን ትጠይቀናለች።»

«ጠይቄአቸው ነበር እኮ፣ ጋሼ። አላውቅም አሉኝ።»

«ምን ብለህ ጠየቅሃት?»

ነገርኳቸው። ቃል በቃል። «ይህን የስልክ ሥራ የሚተካ ሶፍትዌር» የምትለዋ ላይ ስደርስ ባልዲያቸውን መሬት አስቀመጡ።

«አንተ ልጅ! ሰው ቤት ትሄድና፣ "ቤትዎን ላፈርሰው ነው፣ ምሰሶው የትኛው እንደሆነ ያሳዩኝ" ትላለህ? ሁለት ልጆቿን ደሴ የምታስተምረው በዚያች ወንበር ነው!»

ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ። እኔ ያን ሁሉ ቀስት ስሥል፣ አንዱም ቀስት ወደዚያች ወንበር እንዳልሄደ አሁን ታየኝ። አፈርኩ። ማፈር ደግሞ እርጥብ ሱሪ ለብሰው ሲሆን ይብሳል።

ሳልታጠብ ወደ ሐጂ ሄድኩ። ዘበኛው አላወቀኝም። «ሐጂ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ሶፍትዌሩ ሲያልቅ እትዬ ጥሩነሽ ምን ይሆናሉ?»

ሐጂ ጨረቃ ምን ትሆናለች ያልኳቸው ይመስል አዩኝ። «ጥሩነሽ? ምን ትሆናለች? ጥሩነሽ ናታ!»

«እሳቸው እንደሚባረሩ ነው የሚያስቡት። ለዚህ ነው ምንም ያልነገሩኝ።»

ሐጂ ተነሱ። ከዘራቸውን እንኳ ሳያነሱ ግቢውን አቋርጠው እዚያች መስኮት ሥር ቆሙ። «አንቺ! እኔ የማባርርሽ መሰለሽ?»

እትዬ ጥሩነሽ ብድግ አሉ።

«መልሺልኝ!»

«ይሄ ልጅ ነው ይተካል ያለኝ» አሉ በጣታቸው ወደ እኔ እያመለከቱ። «ደግሞም ሰኞ ዕለት አታስፈልጊም ተብዬ ቤቴ ዋልኩ።»

ሐጂ ዞረው አዩኝ። አብዲ ጫማውን ለምን እንደሚያይ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ሌላ የሚታይ ነገር የለም። «ወላሂ!» አሉ፣ «ይህ ሶፍትዌር አንቺን የሚያስወጣ ከሆነ ኮምፒዩተሩን በገዛ እጄ ቢርካ ውስጥ እከተዋለሁ! ሰማሽ? እንዲያውም የምትረከቢው አንቺ ነሽ። አንቺ ሠርቷል ካላልሽ እኔ አልፈርምም።»

እትዬ ጥሩነሽ በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ተቀመጡ። አንዱ ስልክ ጮኸ፤ አንስተው በሶማልኛ ሁለት ቃል ተናግረው ዘጉ። ከዚያ እኔን ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ሂድ ታጠብና ደብተር ይዘህ ና። ወፍራሙን» አሉኝ።

ሦስት ቀን አወሩ። እኔ ጻፍኩ። እጄ ዛለ፤ ቀኝ እጄ ሲደክም በግራ ለመጻፍ ሞከርኩ፣ የራሴን ጽሑፍ ማንበብ አቅቶኝ ተውኩት። በእኚያ ሴትዮ ጭንቅላት ውስጥ ከተማው እንዳለ ተቀምጧል! ኮረብታው ላይ ያለችው ቤት ግቢዋ መዞሪያ ስለሌለው ቦቴው በኋላ ማርሽ ነው የሚገባው። ትምህርት ቤቱ አጠገብ ልጆች በሚለቀቁበት ሰዓት አይኬድም። ለቅሶ ቤት ሲሆን ጥሩምባ አይነፋም፣ ሾፌሩ ወርዶ በእጁ ያንኳኳል። አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ቢርካቸው ግማሽ ቦቴ ነው የሚይዘው፣ ሁልጊዜ ግን ሙሉ ያዛሉ። የተረፈው ለጎረቤታቸው ለአንዲት ባሏ ለሞተባት ሴት ነው። «ሰደቃቸው ነው። ሴትዮዋ ግን ከማን እንደሆነ ማወቅ የለባትም። ኮምፒዩተርህ ሚስጥር ይጠብቃል?» አሉኝ። ስልሳ አራቱን ገጽ ስጽፍ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

«ማን እንደሚቀድም እንዴት ነው የሚወስኑት?» አልኳቸው፤ ያቺን «አላውቅም» ያሉኝን ጥያቄ።

«በአነጋገራቸው። "አሁኑኑ! አሁኑኑ!" ብሎ የሚጮህ ሰው ገና ግማሽ ቢርካ አለው። ለነገ ቢደርሰው ምንም አይሆንም። "ሲመቻችሁ ላኩልን" የምትል ሴት ከተሰማችህ ግን እሷ ቤት ጠብታ የለም። ሳታስቸግር ቆይታ፣ ልጆቿ ሲጠሙባት ነው የደወለችው። መጀመሪያ ወደሷ ነው።»

ብዕሬን አስቀመጥኩ። ያን ቀን ከዚያ በላይ አልጻፍኩም።

ጃማንም ጠየቅን፣ እትዬ ጥሩነሽ እያስተረጎሙ። እሱ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው። «መሪ ይዤ ጽሑፍ አላነብም። ጥሩ በድምፅዋ ትንገረኝ።» ይኸው! ለዚህ ነው እኮ ያን ሰኞ ስልካቸው ስክሪን ላይ ጽፈን የላክንላቸውን አንዱም ሾፌር ያላየው።

አዲሱ ሰነድ ዘጠኝ ገጽ ሆነ። ቀስት የለውም። የቤት ቁጥር የሚለው ጠፋ። ደንበኛው ሲደውል በስልክ ቁጥሩ ይታወቃል፤ ሾፌሮቹ ያነሱት የበሩ ፎቶና የእትዬ ጥሩነሽ ማስታወሻ ስክሪኑ ላይ ይመጣል፤ ትእዛዙ ለሾፌሩ በእሳቸው ድምፅ ይደርሰዋል። ፕሮግራመሮቹ ዘጠኙን ገጽ አንብበው ሲጨርሱ «ይህን መጀመሪያ ለምን አልሰጠኸንም?» አሉኝ።

አሥራ አምስተኛው ቀን ማክሰኞ ነበር። ጠዋት ስንመጣ ጋአን ሊባህ ውስጥ አንድ ትልቅ ቧንቧ ፈንድቶ ሠፈሩ ውሃ አጥቷል። ሦስቱም ስልክ አንድ ላይ ይጮኻል። ሐጂ ከሁለቱ ወንድሞቻቸው ጋር ወንበር አስወጥተው ክፍሏ በር ላይ ተቀምጠዋል።

አብዲ አመድ መሰለ። «ሐጂ፣ ዛሬ እንኳ ቀኑ ጥሩ አይደለም፣ ሙከራውን ለሌላ ቀን...»

«የሰው ቢርካ ሌላ ቀን ምን እንደሆነ አያውቅም!» አሉ እትዬ ጥሩነሽ ሻሻቸውን አጥብቀው እያሰሩ፤ የመጀመሪያውን ስልክ አነሱ።

ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ በር ወጣ። ቁልፉን ነኩ፣ ተናገሩ፣ ላኩ። ሁለተኛው። ሦስተኛው። አንድ ሰውዬ «አሁኑኑ!» እያለ ሲጮህ እኛ ሁላችን በስልኩ ውስጥ ይሰማናል፤ ረጋ ብለው ከሰዓት በኋላ ላይ አስቀመጡት። ቀጥሎ አንዲት ሴት ቀስ ብላ ተናገረች። እትዬ ጥሩነሽ ፊታቸው ተለወጠ። «ጃማ!» አሉ ስልኩ ላይ፤ ቦቴው ከግቢው ሲወጣ አቧራው ሐጂን አለበሳቸው።

ነገሩ ሁሉ በሚያምርበት ሰዓት መብራት ጠፋ።

ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። ስልኮቹ ግን ይጮኻሉ። የሐጂ ወንድሞች ተያዩ። አብዲ ወደ ጫማው አጎነበሰ። እትዬ ጥሩነሽ ምንም ሳይደነግጡ ከቀሚሳቸው ኪስ የእጅ ስልካቸውን አወጡ። ሁሉም በሮች እዚያ አሉ። «መብራት ሲጠፋስ ብዬ አልጠየቅኩህም?» አሉኝ። አዎ፣ ጠይቀውኛል፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ ጽፌዋለሁ! ጽፌዋለሁ እኮ! ብድግ ብዬ «ገጽ ሦስት!» ብዬ ጮህኩ። ማንም አልገባውም፤ ግድ የለም።

የከሰዓቱ የአስር ሶላት ጥሪ ሲሰማ የመጨረሻው ቦቴ አራግፎ ጨረሰ። አንድም አልተሳሳተም። አንድም አልተሰነቀረም። ጋአን ሊባህ ውሃ ጠጣ፣ ልብሱን አጠበ፣ ሽማግሌውም ሙሉ ቦቴያቸው ደረሳቸው፣ ጎረቤታቸውም ከየት እንደመጣ ሳታውቅ ቀዳች።

ሐጂ ተነሱ። «ጥሩነሽ፣ ሠርቷል ወይስ አልሠራም?»

እትዬ ጥሩነሽ አልቸኮሉም። ስልኩን አገላበጡ፣ እኔን አዩ፣ አብዲን አዩ፣ እንደገና ስልኩን አገላበጡ። እኔና አብዲ እጅ ለእጅ ተያይዘን እንደነበር ያወቅነው በኋላ ነው።

«ሠርቷል» አሉ።

ሐጂ «አልሐምዱሊላህ!» ብለው የርክክቡን ወረቀት ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፈረሙ። በዚያው እስክሪብቶ ሌላ ወረቀት ላይ እትዬ ጥሩነሽን የስምሪት ኃላፊ አደረጓቸው። ታናሽ ወንድማቸው አብዲን ወደ ጥግ ጎተተው፤ የድንጋይ መኪኖች አሉት፣ ለእኛም እንዲህ ያለ እንፈልጋለን ይላል። አብዲ ሲያወራ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ነበር።

እትዬ ጥሩነሽ ግን እኔን በጣታቸው ጠሩኝ። «ሠርቷል አልኩ እንጂ አልቋል አላልኩም። ደብተርህን አውጣ፣ የሚጨመር አለ።»

«ነገ ልጻፍልዎ?»

«ነገማ እረሳዋለሁ» አሉ፤ ዓለም የሚያውቀው ውሸት ነው፣ እሳቸው ምንም አይረሱም። ቆሜ አሥራ ሁለት ነገር ጻፍኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ ጽፌ አላውቅም።

ጽፌ ጨርሼ ግቢው ውስጥ ስወጣ ሰባቱም ቦቴዎች ተመልሰው ተደርድረዋል። ሾፌሮቹ ቆመው ያጨበጭባሉ። ጃማ ከኋላ መጣ። «ጠብቅ» አለኝ በአማርኛ። ጠበቅኩ። ደብተሬን ቀስ ብሎ ከእጄ ወሰደና ለጓደኛው ሰጠው፤ ለምን ብዬ ሳልጠይቀው ከታንከሩ የተረፈውን ውሃ በሙሉ ቱቦ ለቀቀብኝ። ሐጂ እንኳ ሳቁ፣ ወንበሩን ይዘው ነው የሳቁት።

ወደ ቤቴ ልሂድ ብዬ መንገድ ላይ ቆምኩ። አንድም ባጃጅ አልጫነኝም፤ ወንበር ታበሰብሳለህ ይሉኛል። እኔም ደብተሬን ብብቴ ሥር ይዤ፣ ጫማዬ በየእርምጃው ጯ ጯ እያለ፣ ከሶላት የሚመለሰውን ሰው ሁሉ ሰላም እያልኩ በሀርጌሳ መሃል በእግሬ ሄድኩ።